የዘር ጥማድ በአበባ ውስጥ እንዴት እንደሚጠመድና እንዴት እንደሚፈታ

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እየተባለ የሚነገረው ለትዕቢተኛ ሰው ተግሣጽ ነው፤ የነገሩን ሥር ለሚመረምር ሰው ግን እውነተኛ የትውልድ ቈጠራ ሆኖ ይገኛል። እናቷ ባዝራ ናትና ፈረስ በእርግጥ አጎቷ ነው፤ የካደችው አባቷን አህያውን ነው። በቅሎ ብርቱ፣ ገደል የማትፈራ፣ ለደጋ መንገድ ከፈረስም ከአህያም ይልቅ የተስማማች መሆኗን ከአንባቢዎቻችን መካከል የማያውቅ የለም። እንደማትወልድም ሁሉ ያውቃል። ስለ ምን እንደማትወልድ ቢጠየቅ ግን ተፈጥሮዋ ነው ከማለት ዐልፎ የሚመልስ ሰው ጥቂት ነው። በቅሎን መካን ያደረገው ነገርና ሙዝን ያለ ዘር ያስቀረው ነገር አንድ ወገን ነው፤ የስንዴውም ዛላ ፍሬ የሚይዘው ያው ነገር በደኅና ሲከናወን ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ የበቅሎ ጫኞች ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የእርሻ ሹም ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው።

ይህን ጽሕፈት እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የገዛ ራሴ ስሕተት መሆኑን አልሸሽግም። ከብዙ ዓመት በፊት ወደ አንድ ወረዳ ተልኬ በዘር ማደል ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አንድ ቁና በቆሎ አሸክመው ወደ መሥሪያ ቤታችን መጡ። ባለፈው ዓመት ድቅል የሚባለውን በቆሎ ገዝተው ዘርተው ነበርና ማሳው እንደ ሰልፈኛ ወታደር እኩል ቁመት ይዞ በቅሎላቸው፣ ምርቱም ከልማዱ በላይ ሆኖላቸው ነበር። እርሳቸውም ብልህ ገበሬ ስለ ሆኑ ከዚያው ምርት ትልልቁን ራስ መርጠው፣ ከምድጃው በላይ በጢስ ሰቅለው ጠብቀው በዓመቱ ዘሩት። በዚህ ጊዜ ግን አንዱ ረዘመ፣ አንዱ አጠረ፣ አንዱ ሁለት ራስ ሲይዝ ሌላው ባዶውን ቀረ። «ልጄ፣ የሰጣችሁኝ ዘር ከዳኝ» አሉኝ። እኔም ምክንያቱን ስለማላውቅ ባለማወቄም ስላፈርሁ፣ መሬቱ ደክሞ ይሆናልና ፍግ ይጨምሩበት ብዬ መለስሁላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «መሬቱማ አጠገቡ የዘራሁትን አዲሱን ዘር ምነው አላደከመው» አሉኝ። ለዚህ የምመልሰው አልነበረኝም፤ ቁናቸውንም አሸክመው ሄዱ። ያን ቀን ልነግራቸው ይገባኝ የነበረውን ዛሬ ለእናንተ ልጽፍ እሞክራለሁ።

የተክልም የእንስሳም አካል ሕዋስ ወይም ሴል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ አስኳል ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ ክር የመሰሉ ነገሮች አሉ። ስማቸው ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ባለ ቀለም አካል ማለት ነው፤ የቀደሙት መርማሪዎች ሕዋሱን ቀለም አጠጥተው በማይክሮስኮፕ ባዩት ጊዜ ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ ቀለሙን አጥብቀው የያዙት እነርሱ ስለ ሆኑ ነው። የተክሉ ቁመት፣ የፍሬው ብዛት፣ በሽታን የሚቋቋምበት ኀይል የተጻፈባቸው መዛግብት እነዚህ ናቸው። ቁጥራቸውም ለየወገኑ የተወሰነ ነው፤ የባቄላ 12፣ የገብስ 14፣ የሽምብራ 16፣ የእንሰት 18፣ የበቆሎና የማሽላ 20፣ የኑግ 30፣ የጤፍ 40፣ የአገራችን ቡና 44 ነው። ከስንዴ ወገን ዱረም የሚባለው 28 ሲኖረው የዳቦው ስንዴ 42 አለው።

ቁጥሩ ሁሉ ለሁለት የሚከፈል መሆኑን ልብ ይሏል። ለምን ቢሉ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት የመጣ ስለ ሆነ ነው። በበቆሎ 10ሩ ከሴቴው አበባ፣ 10ሩ ከወንዴው ብናኝ መጥተው እያንዳንዱ ከመሰሉ ጋር ጥንድ ይሆናል፤ እንግዲህ 20 ክሮሞሶም ማለት 10 ጥማድ ማለት ነው። ወደ በቅሎዋ ስንመለስ የፈረስ ቁጥር 64፣ የአህያ 62 ነው፤ ባዝራዋ 32፣ አህያው 31 ሲሰጡ በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች። ለመሸከምና ለመሄድ 63 ይበቃል፤ ለመውለድ ግን አይበቃም።

ተክል ሲያድግ ሕዋሱ መጀመሪያ ክሮሞሶሞቹን ሁሉ ይገለብጣል፤ እንደ ደብዳቤ ግልባጭ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ አንድ ግልባጭ ለሁለቱ አዲስ ሕዋሳት ያካፍላል። በዚህ መንገድ ሥሩም ግንዱም ቅጠሉም እኩል 20፣ 20 ይዞ ያድጋል። ነገር ግን ብናኙም 20፣ የሴቴው ዕንቁላልም 20 ይዘው ቢገናኙ ልጁ 40፣ የልጅ ልጁም 80 ይሆን ነበር። ስለዚህ በአበባው ውስጥ ቁጥሩ በግማሽ መጉደል አለበት። ይህን መጉደል ፋርመርና ሙር የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ መርማሪዎች በ1905 ሚዮሲስ ብለው ሰየሙት፤ ይህም ደግሞ የጽርእ ቃል ሆኖ ማነስ ማለት ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

መጉደሉ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ባለጸጋ 10 ጥማድ በሬ ለሁለት ልጆቹ ሲያወርስ ከየጥማዱ አንድ አንድ ይድረሳቸው ብሎ ቢናዘዝ፣ በሬዎቹም በመስክ ተበትነው ቢገኙ ዳኛው ምን ያደርጋል? አሥር ለአሥር ቈጥሮ ቢያካፍል ከአንዱ ጥማድ ሁለቱም ለታላቁ፣ ከሌላው ጥማድ ሁለቱም ለታናሹ ሊደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ አስቀድሞ እያንዳንዱን በሬ ከጓደኛው ጋር በቀንበር ይጠምዳል፤ ከዚያ በኋላ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ይፈታል። ሕዋሱም የሚያደርገው እንዲሁ ነው። በደኅና ለመለያየት አስቀድሞ መጠመድ ያስፈልጋል፤ ያልተጠመደ ክሮሞሶም ወደ ወደደው ወገን ይሄዳል ወይም መካከል ላይ ይቀራል።

አጠማመዱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ክሮሞሶሞቹ ሁሉ ይገለበጣሉና እያንዳንዱ መንታ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥማድና መንታ እንዳይደባለቁብን አደራ እላለሁ፤ ጥማድ ማለት ከእናትና ከአባት የመጡት ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው፣ መንታ ማለት ግን የአንዱ ክሮሞሶም ሁለት ግልባጭ ነው። መንቶቹ ከተገለበጡበት ሰዓት ጀምሮ ኮሄሲን በሚባል ፕሮቲን ታስረው ይኖራሉ፤ ይህም ፕሮቲን የቀለበት ቅርጽ ያለው ሆኖ ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ይዞ የሚኖር ነው። ቀጥሎ የክሮሞሶሞቹ ጫፎች ሁሉ ወደ አስኳሉ ግድግዳ አንድ ወገን ይሰበሰባሉ፤ በማይክሮስኮፕ የተመለከታቸው ሰው አንድ ጭብጥ አበባ በግንዱ ታስሮ ያየ ይመስለዋል። በዚያ መሰብሰብ ውስጥ እያንዳንዱ ጓደኛውን ይፈልጋል።

የሚያስደንቀው ጓደኛውን የሚያገኝበት መንገድ ነው። ሕዋሱ የገዛ ክሮሞሶሙን ራሱ ይቈርጣል። ስፖ 11 የሚባል ፕሮቲን እየዞረ ክሩን ይበጥሳል፤ የተበጠሰውም ጫፍ ቍስሉን ለመጠገን ከጓደኛው ላይ ያንኑ ስፍራ ፈልጎ ይገለብጣል። በበቆሎ አንድ ሕዋስ ውስጥ 500 ያህል መቈረጥ ይደረጋል፤ ብዙው ምልክት ሳይተው ይጠገናል፤ ከሁሉም 20 ያህሉ ብቻ ጓደኛሞቹ ክንዳቸውን የሚለዋወጡበት ስፍራ ይሆናል። ለያንዳንዱ ጥማድ ቢያንስ አንድ ልውውጥ ካልደረሰው ጥማዱ አልተጠመደም ማለት ነው። የተለዋወጡበት ስፍራ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መስቀል ይመስላል፤ ስለዚህም መርማሪዎች ኪ በምትባለው መስቀለኛ የጽርእ ፊደል ኪያዝማ አሉት። እውነተኛ የአካል ልውውጥ መሆኑን በ1931 በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሀሪየት ክሬይተንና ባርባራ ማክሊንቶክ የተባሉ ሁለት ሴቶች በበቆሎ አረጋገጡ። ዘጠነኛው ክሮሞሶም በአንድ ጫፉ እብጠት፣ በሌላው ጫፉ ከሌላ ክሮሞሶም የተቀጠለ ቁራጭ ያለበትን በቆሎ አግኝተው፣ የፍሬው ቀለምና የፍሬው ዱቄት ጠባይ በልጆቹ ላይ ሲለዋወጥ እነዚያም ሁለት ምልክቶች አብረው ሲለዋወጡ በዓይናቸው አዩ። ማክሊንቶክ በሌላ ግኝቷ በ1983 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች፤ ለእኔ ግን የበቆሎዋ ምልክት ምስክርነት ከማናቸውም ሥራዋ ይልቅ ዳኛ የሚያሳምን ነው።

አሁን ወደ ማሰሪያው እንምጣ፤ የነገሩ ልብ እዚህ ላይ ነውና። ልውውጡ ብቻውን ጥማዱን አያስርም፤ ተንሸራትቶ በወጣ ነበር። ጥማዱን የሚያስረው ከልውውጡ ስፍራ ወዲያ ያሉት የመንቶቹ ቀለበቶች ናቸው፤ የአንዱ ክንድ ወደ ጓደኛው ተሻግሮ ሳለ መንታው በቀለበት ስለ ያዘው ሁለቱ ጓደኛሞች ሳይወዱ ተያይዘው ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ከሕዋሱ ከሁለቱ ዳርቻ ገመድ የመሰሉ ክሮች መጥተው የክሮሞሶሞቹን ወገብ ይይዛሉ። ሁለቱ መንቶች ወደ አንድ ወገን፣ ጓደኛቸው ከነመንታው ወደ ሌላው ወገን ይሳባሉ፤ ቀለበቶቹ ግን አይለቁም። ገመዱ ከግራና ከቀኝ ሲወጠር ሕዋሱ ጥማዱ በትክክል መጠመዱን በውጥረቱ ያውቃል። አራሽ ሞፈሩን ከመጫኑ በፊት ቀንበሩን ይዞ እንደሚነቀንቀው ያለ ፈተና ነው።

ፈተናው ሲያልቅ ሴፓሬዝ የሚባለው ቈራጭ ይለቀቅና በክንዶቹ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ይበጥሳል፤ ጓደኛሞቹም ተለያይተው ወደየወገናቸው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ በወገብ ላይ ያሉት ቀለበቶች አብረው ቢበጠሱ መንቶቹም በተበተኑ፣ ቀጥሎ የሚመጣውም ሁለተኛው አከፋፈል በተበላሸ ነበር። ወገቡን ግን የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። በ2004 በጃፓን በቶክዮ ዩኒቨርሲቲ የዋታናቤ የምርምር ክፍል በእርሾ ውስጥ ስላገኘው በአገሩ ቋንቋ ሹጎሺን ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም ጠባቂ መንፈስ ማለት ነው፤ እኛ ዑቃቢ መልአክ እንደምንለው ነው። ይህ ዘበኛ በመጀመሪያው አከፋፈል የወገቡን ቀለበት ከቈራጩ ይሠውራል፤ በሁለተኛው ጊዜ ጥበቃው ይነሣል፣ የቀሩት ቀለበቶች ይበጠሳሉ፣ መንቶቹም ይለያያሉ። በዚህ ሁኔታ ከአንዱ ሕዋስ 4 ይወጣሉ፣ እያንዳንዱም 10 ክሮሞሶም ይይዛል። ማሰሪያው አንድ ሲሆን የሚፈታው በሁለት ጊዜ ነው፤ ጥበቡ ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

ይህም ግምት እንዳይመስል በበቆሎ የታየውን ልናገር። ለሚዮሲስ የተለየው የቀለበቱ ክፍል ሬክ 8 ይባላል፤ እርሱ የጐደለበት በቆሎ በመጀመሪያው አከፋፈል መንቶቹ ያለ ጊዜያቸው ስለሚለያዩ መካን ይሆናል። በ2005 ደግሞ ዘበኛው ሹጎሺን የጐደለበት በቆሎ ተመረመረ፤ መጀመሪያው አከፋፈል በደኅና ዐልፎ ሁለተኛው ተበላሸ። ልብ የሚነካው ግን ሌላ ነው። ይህ በቆሎ ሲያድግ ምንም ጉድለት አይታይበትም፤ ቅጠሉ ለምለም፣ ግንዱ ቀጥ ያለ ነው። ጉድለቱ የሚገለጠው ፍሬ በሚያፈራበት ቀን ብቻ ነው። የማሳውን አረንጓዴነት ብቻ አይቶ ምርቱን በወረቀት ላይ ለሚገምት ሹም ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል።

እንግዲህ ለሽማግሌው ገበሬ የሚገባው መልስ ይህ ነው። ድቅል በቆሎ የሚገኘው ለየብቻ ከቆዩ ወገኖች ማዳቀል ስለ ሆነ በየጥማዱ ያሉት ሁለት ጓደኛሞች የተለያዩ ናቸው፤ ብርታቱም ከዚህ መለያየት ነው። አበባው በሚያወጣ ጊዜ ግን 10ሩ ጥማዶች ይፈታሉ፤ ከየጥማዱ የትኛው ወደ የትኛው ብናኝ እንደሚሄድ የታዘዘ ነገር የለም። እንዲያው በዕጣ ብቻ 1,024 ዐይነት ብናኝ ሊወጣ ይችላል፤ የክንዱ ልውውጥ ሲጨመርበት ደግሞ ቈጥሮ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ትልቁን ራስ መርጠው ቢያስቀምጡም በአንዱ ራስ ላይ ያሉት ፍሬዎች እርስ በርሳቸው እንኳ አንድ አይደሉም። መሬቱ አልደከመም፣ ዘሩም አልከዳም፤ የጥማዱ መፈታት ነው። ለስንዴና ለጤፍ ግን ይህ ፍርሃት አይገባም፤ እነዚህ በአብዛኛው ከገዛ አበባቸው ብናኝ የሚፀንሱ ስለ ሆኑ ቆይቶ ሁለቱ ጓደኛሞች አንድ ዐይነት ሆነዋልና ቢቀላቀሉም ለውጥ አይመጣም። ዘር ስታድሉ ይህን ልዩነት ለገበሬው በሚገባው ቃል ንገሩት፤ ድቅሉን በየዓመቱ መግዛት የነጋዴ ብልጠት ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለና።

የጥማዱን መፈታት ማስቀረት አይቻልምን ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው መልካም ነው። በ2009 በፈረንሳይ አገር የሰናፍጭ ዘመድ በሆነች በአንዲት ትንሽ ተክል ላይ ሦስት ነገር አስቀሩባት፤ መቈረጡን፣ የሬክ 8ን ቀለበትና ሁለተኛውን አከፋፈል። ሚዮሲስ ወደ ተራ አከፋፈል ተመለሰና ብናኟም ዕንቁላሏም የእናቲቱን መዝገብ ሳይጐድል ሳይለዋወጥ ያዙ። በ2019 በአሜሪካ ይኸው ዘዴ ለሩዝ ተደርጎ፣ ዕንቁላሉ ያለ ብናኝ ዘር እንዲሆን ሌላ ብልሃት ተጨምሮበት፣ ከዘሩ ከፊሉ እንደ እናቱ ሆኖ በቀለ፤ በ2022 ደግሞ በድቅል ሩዝ ከ95 በመቶ በላይ ደረሰ። ለእነዚያ ሽማግሌ ገበሬ ከትልቁ ራስ ዘር ማስቀረት ስሕተት የማይሆንበት ቀን የሚመጣ ከሆነ በዚህ መንገድ ይሆናል።

መጠመዱ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚሆን ጥቂት ምሳሌ ልስጥ። በበቅሎ የፈረሱና የአህያው ክሮሞሶሞች በቁጥር ብቻ ሳይሆን በአሰላለፋቸውም ስለማይመሳሰሉ አብዛኛዎቹ ጓደኛ አያገኙም። ለጠረጴዛ የሚቀርበው ሙዝ 33 ክሮሞሶም አለው፤ ይህም በየዐይነቱ ሦስት ሦስት ማለት ነው፤ ሦስት በሬ በአንድ ቀንበር እንደማይጠመድ ዘሩም አይጸናም። ሰው ግን ጣፋጭነቱን ወድዶ በሥሩ ቡቃያ እያባዛ አኖረው። ዱረም ስንዴና የዳቦ ስንዴ ሲዳቀሉ ልጁ 35 ይዞ ይወለዳል፤ ኪሃራ የተባለው የጃፓን ሊቅ እንዲህ ያሉትን ድቅሎች መርምሮ 14 ጥማድ እንደሚጠመዱና 7ቱ ብቸኛ ሆነው እንደሚንከራተቱ አሳየ። ሁልጊዜ ግን ጉድለቱ ጥፋት አይሆንም። በ1927 በቲሞር ደሴት በአንድ የቡና እርሻ ውስጥ ዋግ የማይነካው አንድ የቡና ዛፍ ተገኘ፤ የዐረቢካና የሮቡስታ ልጅ ነበር። ዐረቢካ 44፣ ሮቡስታ 22 ስላላቸው ልጁ 33 ሆኖ መካን መሆን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን 44 ሆኖ ተገኘ፤ በአንድ ወገን መጉደሉ ሳይፈጸም ቀርቶ ነበርና። ከዚያ ዛፍ የተወለዱ የቡና ዐይነቶች ዛሬ በብዙ አገር ተክለዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የስንዴው ነገር የኛ ጉዳይ ነው። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶም የመጣው ከሦስት ልዩ ልዩ የሣር ወገኖች ነው፤ እያንዳንዳቸው 7 ጥማድ አስገብተዋል። እነዚህ ሦስቱ ወገኖች የአጎት ልጆች ስለ ሆኑ ክሮሞሶሞቻቸው በጣም ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ አንዱ በስሕተት ከአጎት ልጁ ጋር ሊጠመድ በቻለ ነበር። ቢጠመድ አከፋፈሉ ተበላሽቶ ፍሬው ይጠፋል። ነገር ግን ስንዴ በሥርዓት 21 ጥማድ ብቻ ይጠመዳል። ይህን ሥርዓት የሚያስከብረው በአምስተኛው ቢ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ያለ ኀይል መሆኑን በ1958 በእንግሊዝ ራይሊና ቻፕማን፣ በአሜሪካ ሲርስና ኦካሞቶ ለየብቻቸው አገኙ፤ ፒ ኤች 1 የሚል ስምም ተሰጠው። ከብዙ ፍለጋ በኋላ በ2017 የዚህ ኀይል ዋናው ዚፕ 4 የሚባለው ጂን ተጨማሪ ቅጂ እንደ ሆነ በእንግሊዝ የጆን ኢንስ ማእከል መርማሪዎች አሳዩ። ዱረማችንም በቢ ወገኑ ይህን ጠባቂ ይዟል።

ይህ ጠባቂ ግን እንደ ጥብቅ በረኛ ነው፤ ሌባውን ሲከለክል እንግዳውንም ይከለክላል። ዋግን የሚቋቋም ኀይል ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዱር የስንዴ ዘመዶች ውስጥ ነው። መርማሪው የዱሩን ሣር ከስንዴ ጋር ሲያዳቅል የዱሩ ክሮሞሶም ከስንዴው ጋር እንዳይለዋወጥ ፒ ኤች 1 ይከለክለዋል። ሲርስ በ1956 በሩን በኤክስሬይ ሰብሮ የቅጠል ዋግን የሚቋቋም ቁራጭ አስገባ። ራይሊ፣ ቻፕማንና ጆንሰን ግን በ1968 በረኛውን ለጊዜው የሚያስተኛ ሌላ የዱር ሣር በማግባት የቢጫ ዋግን መቋቋሚያ ከዱር ዘመድ ወደ ስንዴ አሻገሩ፤ የተገኘውንም ስንዴ ኮምፔር አሉት። ጠባቂውን ጨርሶ ማስወገድ ግን አይገባም፤ እርሱ የሌለው ስንዴ እየዋለ እያደረ ጥማዱ እየተዛባ ፍሬው ይቀንሳልና። ጥበቡ እንግዳው እስኪገባ በሩን ከፍቶ ወዲያው መዝጋት ነው።

ይህ ለኛ ሩቅ ወሬ አለመሆኑን በ2013 በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ በዲገሉ ስንዴ ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው ያውቃል። በሰፊው የተዘራው አንድ ዐይነት ስንዴ ለአዲሱ የዋግ ወገን የሚበቃ መከላከያ ስላልነበረው ማሳው ሁሉ በአንድ ወቅት ተመታ። አዲስ መከላከያ ፍለጋ ወደ ዱር ዘመዶች በተሄደ ቍጥር መርማሪው የሚታገለው ከዚሁ በረኛ ጋር ነው። ዘሩ ለምን ዘገየ እያላችሁ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ ይህን ብታስቡ ደስ ይለኛል። ደግሞም በስንዴ ልውውጡ የሚደረገው በአብዛኛው በክሮሞሶሙ ጫፎች አካባቢ ስለ ሆነ ወደ ወገቡ ቀርቦ ያለ መልካም ጠባይ ከአጠገቡ ካለው ክፉ ጠባይ በቀላሉ አይላቀቅም፤ ይህም ብዙ ዓመት ይፈጃል።

የመጨረሻው ነገር የጊዜው ነው። በስንዴ ይህ ሥራ የሚሠራው ዛላው ገና በመጨረሻው ቅጠል ሰገባ ውስጥ ተሸፍኖ፣ የአበባው ብናኝ ከረጢት አረንጓዴ ሳለ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን በዳቦ ስንዴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚፈጀው 24 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በገብስ 39 ሰዓት፣ በአጃ ዘመድ በራይ 51 ሰዓት ይሆናል። የዓመቱ ድካም ሁሉ በአንዲት ቀን ውስጥ ይፈተናል። በ1982 በአውስትራልያ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው በዚህ ጊዜ ስንዴው ለ3 ቀን ብቻ 30 ዲግሪ ሙቀት ቢደርስበት የፍሬው ቁጥር ይቀንሳል፤ ውሃ ቢያጥረው ደግሞ ብናኙ ሲመክን የሴቴው ወገን ደኅና ሆኖ ይቀራል። ቅጠሉ አይጠወልግ፣ ቁመቱም አይጐድል ይሆናል፤ ምርቱ ሲወቃ ግን ገለባው በርክቶ ፍሬው ያንሳል። ገበሬው ያን ጊዜ ጥፋቱን በአውድማው ወይም በወፍ ላይ ያመካኛል።

ስለዚህ ከየወረዳው ስለ ውርጭ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ዝናም መቋረጥ የምትልኩት ወሬ ላይ ቀኑን ብቻ መጻፍ አይበቃም። በዚያ ቀን ዛላው በሰገባው ውስጥ እንደ ነበረ ወይም እንደ ወጣ፣ ወጥቶም ከሆነ አበባ እንዳሳየ ወይም እንዳላሳየ ተጨምሮ ይጻፍ። ለማወቅም ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፤ ከማሳው ከአራት ማዕዘንና ከመካከሉ ጥቂት አገዳ ቈርጦ የመጨረሻውን ሰገባ በጥፍር ሰንጥቆ ማየት ነው።